የሸማኔው ክንድ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ልጄ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ጨርቅ ቤት ገብቼ ለአንሶላ የሚሆን አቡጀዲ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ጥቅሉን ሲዘረጋው ያ የአዲስ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በብረት ሜትሩ ቶሎ ቶሎ ለክቶ ጨርቁን ቀደደው። «ትክክል ነው እማማ፣ አይጠራጠሩ» አለኝ። አልተጠራጠርኩም፤ ግን እጄ አላስችል ብሎኝ በክንዴ ስለካው አይቶ ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ምን ያውቃል!

አባቴ እዚሁ ኮልፌ ሸማኔ ነበር። ያኔ ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነው፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ግን በማን ክንድ? ጠቡ እሱ ላይ ነው። ፈትል ያመጣችው ሴት በዘለግላጋው ባሏ ክንድ ትለካለች፣ ሸማኔው በገዛ ክንዱ ይለካል፣ ከዚያ ስድብ ይከተላል። በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡና የአባቴን ክንድ መረጡ፤ አይረዝምም አያጥርም ብለው። አባቴ ክንዱን በወይራ ዱላ ላይ አጋድሞ ዱላውን በልኩ በቢላ ቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ሸማኔ ብሎ የሚንቀን ሰው ሁሉ ሳይቀር «በሸማኔው ክንድ» ብሎ ነበር የሚዋዋለው።

ወይራውን የምትይዘው እናቴ ናት። አቤት ጭካኔዋ! የአንድ ጣት ስፋት የጎደለ ኩታ ይዞ የመጣ፣ ዘመድም ይሁን የክርስትና አባት፣ «ጎደለ ማለት ጎደለ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። የአባቴን የራሱን ሥራ እንኳ ሁለት ጊዜ መልሳበታለች። እሱ እግሩን ከከተተበት የሸማ ጉድጓድ ቀና ብሎ «አንቺ ሴትዮ፣ ፈጣሪንም ሳትለኪው አትቀሪም» ይላትና ይስቃል። እኔ ከጎኑ ማግ እየጠቀለልኩ አብሬው እስቃለሁ።

ጣልያን ገባና ገበያው ሁሉ በሜትር ይሁን አለ። አዋጁ ሲነገር አባቴ ከምሩ «ሜትር ደግሞ የማን ክንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው «የማንም አይደለም» አለው።

«የማንም ካልሆነማ ማን ያምነዋል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አስተርጓሚው ግን አልሳቀም።

መስከረም ላይ ከሰፈራችን በላይ የስልክ ሽቦ ተቆርጦ አደረ። ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ረፋዱ ላይ ወታደሮች መጥተው ወንድ የተባለውን ሁሉ ለቅመው ወሰዱ። አባቴን ከጉድጓዱ ጎትተው ሲያወጡት እግሩ ላይ ክር ተጠምጥሞ ነበር፤ ልፈታለት ብል ገፍትረው ጣሉኝ። ከፊሎቹን በካሚዮን ጭነው ወሰዱ፣ ከፊሎቹን ወንዝ ዳር ረሸኗቸው። ማን በየትኛው እንዳለ የነገረን የለም።

በስድስተኛው ቀን «እስከ ቀትር ሰዋችሁን አንሱ፣ የቀረው አንድ ላይ ይደፈናል» ተባለ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ፀሐዩ፣ ዝንቡ፣ ያ ሽታ፣ ኧረ ተይው ልጄ። ሬሳዎቹ ፊት የሚባል አልቀረላቸውም፤ ልብሳቸውም ተገፎ ነበር። እናቴ ከነጠላዋ ስር ወይራውን አወጣች።

«ገላ ያብጣል፣ አጥንት አያብጥም። አፈር ስሆን፣ እጃቸውን ዘርግተሽ ያዢልኝ» አለችኝ።

ዕድሜዬ ያኔ አሥራ ሁለት ነበር። የሞተ ሰው እጅ ይዤ እሷ ለካች። የአንዱ ረዘመ፣ የሌላው አጠረ። እኛ ስንለካ አንዷ በጠባሳ፣ አንዷ በጥርስ ባሏን እየለየች፣ እየጮኸች ወሰደች። በመጨረሻ ማንም ያላነሳው አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ወታደሩ አካፋ የያዙትን ጠራቸው። እናቴ ለካችው። ወይራው ከጣቱ ጫፍ አልፎ ወጣ፤ ክንዱ በአንድ ጣት ስፋት ጎደለ። እኔም አየሁ፣ እሷም አየች። ትርፉን በአውራ ጣቷ ሸፈነችና «እሱ ነው!» ብላ ጮኸች።

«እማዬ፣ ጎደለ እኮ...»

«ዝም በይ!»

አባቴ በሸመነው ኩታ ገንዘን ቀበርነው። ቄሱ ስሙን ሲጠይቋት የአባቴን ስም ሰጠች። ደረቷን መታች፣ ፊቷን ነጨች። እኔ እንባ አልወጣኝም፣ ተናድጄ ነበር። አባቴ ካሚዮኑ ላይ ነው፣ በቁሙ ቀበረችው ብዬ ጠላኋት። እውነቴን ነው፣ እናቴን ጠላኋት።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። «የአባባን ኩታ ለማናውቀው ሰው ሰጠሽው» አልኳት። መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። «አባትሽ የት እንደወደቀ አላውቅም» አለች። «የትም ቢወድቅ ግን ሴት የሌለበት አገር የለም። አንዷ እንዲህ ትለካውና፣ ጎድሎባትም ቢሆን፣ የኔ ነው ትበልልኝ።»

አባቴ አልተመለሰም። ያቺን ሴት፣ ካለች፣ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ።