ሐረጎ ላይ የቆመ ሽምግልና

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡10፤ ደሴ

ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረው ዝናብ ጎህ ሲቀድ ጋብ አለ። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር በኮንትራት ሚኒባስ የተነሣነው ሦስት ሽማግሌዎች ነን፤ ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ይማም፣ የቀድሞው የጭነት መኪና ሹፌር አቶ ደምሴ፣ እንዲሁም ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት እኔ። ኮምቦልቻ ወርደን የእህል ነጋዴውን የአቶ እንድሪስን ልጅ ፋጡማን፣ ሟች ወንድሜ ትቶልኝ ላሳደግሁት ለጀማል ልንጠይቅ ነው። ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

በሥራ ዘመኔ አርፍጄ የፈረምሁበት ቀን የለም። ይሁንና ባለፈው ቅዳሜ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ከመንገድ ተመልሰናል። የልጅቷ አጎቶች ንቀት አድርገው ቆጥረውት፣ «ዛሬም ከቀሩ ሦስተኛ ቀጠሮ የለም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ጀማል የመኪናውን በር ዘጋልን። «አባባ፣ እንደምንም ብላችሁ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አብሽር» አልሁት።

1፡05፤ ሐረጎ

ጉሙ የመኪናውን መብራት ውጦታል። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። በቦዩ የሚወርደው ውሃ ቀይ ነው፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር ይገፋል።

«ይቺን የሐረጎን ቁልቁለት ሃያ ዓመት ወርጃታለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን ከፍታብኝ አታውቅም» አሉ አቶ ደምሴ።

«መሪው እጅህ ላይ ስለሌለ ነው የፈራኸው» አሉ ሐጂ።

ከጥምዙ ወዲያ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል።

1፡40፤ ናዳው ፊት

የተራራው ጎን ባሕር ዛፎቹን እንደታቀፈ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። በዓይኔ ስለካው ወርዱ ስልሳ እርምጃ ይሆናል። አንድ ሎደር ከዳር ይዝቃል፤ ከላይ ጠጠር አሁንም ይንከባለላል።

«አባቶቼ፣ በእግርም አይታለፍም። ተራራው ገና አልጨረሰም» አለን የጥገናው ኃላፊ።

«መቼ ይከፈታል?»

«ዛሬን እንጃ።»

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ሰዓቴን በየአምስት ደቂቃው አያለሁ። በጥንቃቄ ያዘጋጀሁት ንግግር ኪሴ ውስጥ ረጥቧል። አንዲት ሴት የተጠበሰ በቆሎ አንዱን በሠላሳ ብር ትሸጣለች። አቶ ደምሴ ገዝተው ድንጋይ ላይ ሊያርፉ ጎንበስ ሲሉ፣ ሐጂ በከዘራቸው ከለከሏቸው።

«ተነሣ! ሽማግሌ ‹ተቀመጡ› ሳይባል ይቀመጣል?»

«እሱ እኮ ልጅቷ ደጃፍ ላይ ነው! ሚኒባሱ ውስጥስ ቆመን ነው የመጣን?»

ሣቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሣቀም። እሺታ ያላገኘ ሽማግሌ እንደ ቆመ ይመለሳል፤ «ተቀመጡ» መባል ራሱ መልስ ነው። እኛ ደግሞ የምንቆምበት ደጃፍ እንኳ አልደረስንም።

3፡00፤ እዚያው

ልክ በሰዓቱ ከናዳው ማዶ ድምፅ መጣ። «የደሴ ሽማግሌዎች! አላችሁ ወይ?»

ጥላ የያዙ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑ ሰው ናቸው። በስልክ የማውቀው የአቶ እንድሪስ ድምፅ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሦስታችንም አለን!» አሉ ሐጂ።

«ወላሂ፣ ናዳው በላያችሁ ወርዷል ብዬ ነው የመጣሁት! አጎቶቿ ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። ባዶ አፌን ተመልሼ ምን ልበላቸው? የመጣችሁበትን ከዚያው ተናገሩ!»

እንዲህ ያለ ጉዳይ በለሆሳስ ይነገራል እንጂ በመንገደኛ ፊት አይጮኽበትም። ግን ምን ምርጫ ነበረኝ? የሎደሩ ነጂ ነገሩ ገብቶት ሞተሩን አጠፋልን። ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«እንደሚታወቀው የሁለቱ ቤተሰቦች መከባበር...»

«ሪፖርት አይደለም፤ አሳጥረው!» አሉ ሐጂ።

ወረቀቱን አጠፍሁት። «ፋጡማን ለጀማል ስጡን! እንደ አባት ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ዋሱም እኔ ነኝ!»

ጠጠር ተንከባለለ። አቶ እንድሪስ ወደ ተራራው ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያም ጥላቸውን አጠፉ።

«ቆማችሁ ነው?»

«ቆመናል!»

«እንግዲያ ተቀመጡ!»

ተራራው ባመጣው ድንጋይ ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን። ከሚኒባሶቹ እልልታው ቀለጠ።

«አባቶቼ፣ እዚያ አይቀመጥም!» እያለ ኃላፊው ሮጦ መጣ።

5፡20፤ ደሴ

ጀማል ከደጅ አልገባም ነበር። በጊዜ መመለሳችንን፣ ጭቃችንንም አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«መንገዱ ተዘግቷል። ኮምቦልቻ አልደረስንም» አልሁት፤ ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ልማዴ ነው።

አንገቱን ደፋ።

«ጀማል፣ ቀና በል» አልሁት። «ተቀምጠናል።»