በሃይደርፌን ዓርማ ላይ ያለው መሣሪያ

የእማማ ቴዳ የቀን ወጪ አሥራ ሁለት ዩሮ አይሞላም። ለዳቦና ለአሬራ ሦስት ተኩል፣ ለሻይ፣ ለክሬምና ለስኳር ሁለት፣ ለድመታቸው አንድ፣ የቀረው ለመብራትና ለማሞቂያ ጋዝ። የሚከነክናቸው ጋዙ ነው። አያታቸው የረግረጉን ጥቁር አፈር እንደ ጡብ እየቆረጠ፣ አድርቆ ያነድ እንደነበር ሳያነሱ አይውሉም።

ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እዚሁ ሃይደርፌን፣ ቦዩ ዳር ተወልደው፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አርባ ዓመት ሠርተው ግማሹን መንደር አብልተው አሳድገዋል። እኔንም ጭምር፤ ሾርባ አስተርፎ ከእሳቸው ያመለጠ ልጅ አላውቅም።

ባለፈው ወር የመንደራችን አለቃ ሃቦ ኡልሪክስ ስብሰባ ጠራን። የመንደራችንን ዓርማ ትርጉም የሚናገር የነሐስ ሰሌዳ ሊተከል ነውና ጽሑፉን አነበበልን፦ አረንጓዴው መደብ ሜዳችን፣ ነጩ ሞገድ ቦያችን፣ ወርቃማው መሣሪያ የገበሬዎቻችን ማረሻ። ሁላችንም ተስማማን። እማማ ቴዳ ግን ብድግ ብለው ወጡ። የተቆጡ መስሎን ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ የአያታቸውን አካፋ በብስክሌታቸው ጭነው ተመለሱ፤ በአንድ ጎኑ ክንፍ ያለው፣ የረግረግ መቁረጫ አካፋ።

ሃቦ ተቀብሎ ስለቱን ወደ መሬት አድርጎ አቆመው። "እማማ ቴዳ፣ መቃብሬን ሊቆፍሩ ነው እንዴ?"

"አንተ ገና ነህ። ይልቅ ገልብጠው" አሉት። "የረግረግ ቤት ወለሉ እርጥብ ነው። ስለቱን መሬት ያስነካ ልጅ ጥፊውን ይቀምሳል። አካፋ የሚቆመው እጀታው ታች፣ ስለቱ ላይ ሆኖ ነው። የመንደሩ አስተማሪ ዓርማውን ሲሥል አካፋውን እኛ በር ላይ እንደተገተረ ነው የሣለው፤ አጠገቡ ነበርኩ።"

ሃቦ ገለበጠው። ክንፉ ዓርማው ላይ ካለው ሥዕል ጋር ልክክ አለ።

ባለ ማረሻዎቹ የመጡት ረግረጉ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድመው የመጡት የእማማ ቴዳ ወገኖች ናቸው፤ "ለፊተኛው ትውልድ ሞት፣ ለተከታዩ ችጋር፣ ለሦስተኛው ዳቦ" የሚባልላቸው። ሰሌዳው ማረሻ ብሎ ከጻፈ ከዳቦው ጀምሮ ነው የሚያወራው።

ሃቦ ክፉ ሰው አይደለም። ነሐስ አንዴ ከተጻፈበት አይፋቅም፣ የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ ደግሞ አይበቃም ብሎ፣ ወረቀት እንዲያመጡ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ጊዜ ሰጣቸው። ወረቀቱ ነበረ። አስተማሪው ያኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ለየቤቱ ሥዕሉን ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር አድሎ ነበር። የእሳቸውን ቤት ድርሻ ጎርፍ በላው።

ስለዚህ ይህን በመንደራችን ጋዜጣ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ መልእክታቸውም ይኸው፦

"ጣሪያ ሥር ያስቀመጣችሁትን ሣጥን እባካችሁ ክፈቱ። ያንን ገጽ ያገኘ ያምጣልኝ። ማረሻ ነው የሚል ቢሆንም እንኳ አትደብቁብኝ፤ አምጡት።"