በዱቄት ከረጢት ላይ የተሣለ አገር

አባትሽ በሞተ በአርባኛው ቀን ማግስት ሣጥኑን ስንከፍት ያገኘሻትን ጨርቅ አትረሻትም። «እማዬ፣ ይቺ እኮ ለመወልወያ ትሆናለች» ብለሽ አራገፍሻት። ከእጅሽ ስነጥቅሽ ደንግጠሽ አየሽኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ስለነበረ ግን ምንም አልጠየቅሽኝም። በነጋታው ወደ ሥራሽ ተመለስሽ።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ጨርቋ ጉልበቴ ላይ ናት። የጭስና የሣጥን እንጨት ሽታ አላት። አፍንጫዬን ሳስጠጋት ግን ከሥር ሌላ ሽታ ይመጣል፤ የጠመኔ ብናኝ፣ ዝናብ የነካው የተማሪ ጋቢ፣ የክፍላችን የጭቃ ግድግዳ። እጄ እንደ ድሮው አይታዘዝልኝም። ቀስ እያልሁ እጽፍልሻለሁ።

ጨርቋ የዱቄት ከረጢት ነበረች። ጥጓ ላይ የደበዘዙ ሁለት የሚጨባበጡ እጆች ይታያሉ፤ ከአሜሪካ በእርዳታ የሚመጣ ዱቄት ምልክቱ ይህ ነበር። አሜሪካዊው የታሪክ መምህራችን ስፌቷን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በሰማያዊ ቀለም የአገሩን ረጅም የባሕር ዳርቻ ሣለባት። በዳርቻው ላይ አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለች የነበሩትን አሥራ ሦስት ቅኝ ግዛቶች ደረደረ፤ አንዳንዱ ሰፊ፣ አንዳንዱ እንደ ድሃ ማሳ ጠባብ። ስማቸውን መያዝ ሲያቅተን የራሳችንን አካባቢ ስም አወጣንላቸው። ከላይ ያለውን ጋይንት አልነው፤ ከታች ያለውን ስማዳ። ከሁሉ የምታንሰውን እስቴ ስንላት የእስቴው ልጅ ተቆጥቶ ሁለት ቀን አኮረፈን።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ከንፋስ መውጫ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ እኔና አባትሽ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። በክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነን። ፈረንጁ መምህር ታሪክ ሊያስተምረን የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ረጅም፣ ፊቱ ላይ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ወጣት ነበር። አማርኛ ያስተማሩት ሰዎች አክብሮቱን ብቻ አስተምረው የለቀቁት ይመስለኛል፤ ሁላችንንም «እርስዎ» ነበር የሚለን። «እርስዎ፣ ወሬ ያቁሙ» ባለ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አባትሽ ግን አይስቅም። «ከተወለድሁ ጀምሮ እርስዎ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ምኑ ያስቃል?» አለኝ አንድ ቀን።

መምህሩ ሲያስተምር ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና እግሩን ያወዛውዛል። ከሰሌዳው በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ስለ ባሕር ማዶው ንጉሥ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ወደ ሥዕሉ ቀና ይልና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኛም አብረን ቀና እንላለን።

በመርከብ የመጡት ሰዎች ማረስ አያውቁም ነበር አለን። በመጀመሪያው ዓመት ብርድና ረኃብ ጨረሳቸው። በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያሳዩአቸው ያገሬው ሰዎች ናቸው።

«ከዚያ ያገሬው ሰዎች ምን ሆኑ?» አለ አባትሽ።

መምህሩ ቃል ፈለገ። እኛው ያስተማርነውን ቃል አገኘ። «ርስታቸውን አጡ» አለ።

በእኛ አገር ለርስት ወንድም ከወንድሙ ዕድሜ ልኩን ይሟገታል። ርስቱን ያጣ ሰው በቀብር ላይ እንኳ ከኋላ ነው የሚቆም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ብቻ ይሰማ ነበር።

የሻዩ ቀን ግን ሳቅን። ንጉሡ ሳያማክራቸው ግብር ቢጥልባቸው ሰዎቹ ተቆጥተው የመርከቡን ሻይ በሙሉ ባሕር ውስጥ ደፉት ሲለን፣ የእስቴው ልጅ እጁን አወጣና «ስኳር ጨምረውበታል?» አለ። «እርስዎ፣ ዓሣዎቹን ይጠይቁ» አለው መምህሩ። ያን ቀን አባትሽም ሳቀ። ጥርሱ ያምር ነበር። አንቺ ያወቅሽው ሳቁ ከቀረ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ወደ ደብዳቤው ደረስን። ሰዎቹ ተሰብስበው በንጉሡ ላይ አንድ ጽሑፍ ጻፉ። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ የበደላቸውን አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ ከሥር ፈረሙ። አንደኛው ንጉሡ ያለ መነጽር እንዲያነበው ብሎ ስሙን ከሁሉ አግዝፎ ጻፈ ይባላል አለን።

«እርሻቸውን የሚያርሱላቸው ባሮችስ ፈረሙ?» አለ አባትሽ።

«አልፈረሙም። የጠየቃቸው የለም።»

«ታዲያ ሁሉ ያሉት እነማንን ነው?»

መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያላለቀ ነገር ነው» አለ። «ሕግ ጽፈው አዲሱን መንግሥት እንዴት እንዳቆሙ ከፈተናው በፊት እንማራለን።»

ለዚያ ትምህርት አባትሽ አልደረሰም።

የከተማችን ገዥ በዚያ ዓመት ለራሱ የድንጋይ ቤት ያሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ትምህርት ይቀርና ተማሪው ሁሉ ከወንዝ ድንጋይ ይሸከማል። ወላጆቻችንም ቢሆኑ ክፉም ደግም አላሉም። አንድ ዓርብ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ዳገቱ ላይ አንሸራተታትና ድንጋዩ ጣቶቿ ላይ ወደቀ። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አባትሽ ከጋቢው ጫፍ ቀድዶ ጣቶቿን አሰረ፤ ተሸክሟት ወጣ። ሰኞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኛም እንጻፍ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለአውራጃው ገዥ። ከእሱ በላይ ላለው።»

ወደ እኔ የመጣው ለእጄ ጽሕፈት ነው። አያትሽ፣ አባቴ፣ ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ኋላ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። አባትሽም ልጅ ሳለ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔ ግን ብእር ስቀርጽላቸው፣ ቀለም ስበጠብጥላቸው አድጌ እጄ ከእጃቸው የማይለይ ሆኖ ነበር። የአቤቱታውንም ወግ አውቃለሁ። መጀመሪያ እጅ ይነሣል። ቀጥሎ የባለሥልጣኑ ደግነት ይወሳል። በደሉ ከዚያ በኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ብዙ ሰው የሚፈርምበት ከሆነ ደግሞ አያትሽ ስሙን በክብ ያዞሩት ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደፈረመ እንዳይለይ። የሚታሰረው ቀድሞ የፈረመው ነውና።

ይህን ሁሉ ነገርሁት።

«ክብማ የፈሪ ነው» አለኝ። «እነዚያ እጅ ነሥተዋል? ስማቸውን አዙረዋል?»

«በእነዚያና በንጉሣቸው መካከል ባሕር ነበረ» አልሁት። «የእኛ ገዥ ከወንዙ ወዲህ ነው።»

ሳቀብኝ። እኔም እንዳለው ጻፍሁለት። ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ካለው ወይራ ሥር። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል። ገዥው ድንጋይ አሸክመውናል። ገዥው የትምህርት ቀናችንን ወስደዋል። ገዥው የልጅቱን ጣቶች አይተው አልፈዋል። እጄ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። ሲያልቅ አባትሽ ስሙን ከሁሉ በላይ አግዝፎ ጻፈ። ሌሎቹ ከሥሩ እያሳነሱ ፈረሙ። ከዚያ ብእሩን ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺስ?»

«ጸሐፊ አይፈርምም» አልሁት።

እውነት ነው፤ የአያትሽ ወግ ነው። ጸሐፊ የሌላውን ቃል ያሰፍራል እንጂ ስሙን አያስገባም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ወጉን ያነሣሁት ፈርቼ ነው። አባትሽ ዐይን ዐይኔን አየኝ። «ይሁን። ቦታሽን ትቼልሻለሁ» አለና ከስሙ አጠገብ የቀረውን ባዶ ስፍራ በጣቱ አሳየኝ።

እዚህ ላይ ተነሥቼ ደጁን ዘግቼ መጣሁ። ነፋሱ ዛሬም ያው ነው።

ዳይሬክተሩ «ማኅተም ካላረፈበት አውራጃ አይቀበለውም» ብለው ወረቀቱን ከእጃችን ወሰዱት። እኛም አመስግነን ሰጠናቸው። በሦስተኛው ቀን ጧት፣ ሰልፍ ላይ ሳለን፣ የገዥው ጸሐፊ ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣ። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«እጅ መንሣቱስ የታለ?» አለ። «ለበሬ ነው የጻፋችሁት?» ጥቂት ልጆች ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አስጠጋው። «ይህ የቤተ ልሔም እጅ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ በዚህ ከተማ አንድ ሰው አውቃለሁ።»

አያትሽን ማለቱ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከተነሡ ቤታችን የሚበላው አልነበረውም።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለ አባትሽ ከሰልፉ ወጥቶ። «የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርሁት።»

ወረቀትና ብእር ሰጡት። ተንበርክኮ ጉልበቱ ላይ ጻፈ። የእሱ እጅ ነፋስ እንደመታው ሰንበሌጥ የተንጋደደ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀቶች አስተያየ፤ ያወቀ ይመስለኛል። ግን አጠፋቸውና ኪሱ ከተታቸው። አንድ ጥፋተኛ በቃው።

እኔ ከአባትሽ በሦስተኛ ሰው ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትሁ። ነፋስ ገባበት እንጂ ቃል አልወጣውም። አባትሽ ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ እንደምናገር ያወቀ ይመስል አንገቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ገረፉትና አባረሩት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ አንደኛ ይወጣል ብለን የምንጠብቀው እሱን ነበር። በዚያው ሳምንት ለመምህሩም ከከተማው የሚያስወጣው መኪና መጣለት። ዕቃውን ሲጭን ሄድሁ። «እርስዎ…» አለኝ፤ የቀረውን ተወው። ጨርቋ የክፍላችን ግድግዳ ላይ ቀርታ ነበር። በማግስቱ አልነበረችም።

አባትሽ የተገረፈ ዕለት ቤት ስገባ አያትሽ ቀለም ይበጠብጡ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ክቡን ረሳሽው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም።

እኔ ፈተናውን አለፍሁ። ደብረ ታቦር በበቅሎ ሄድሁ። የታሪኩን መጨረሻ የተማርሁት እዚያ ነው። ጦርነቱ አልቆ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መጣላታቸውን፤ በሙቀት ወራት መስኮቱን ዘግተው እየተከራከሩ ሕግ መጻፋቸውን፤ ትንንሾቹ አገሮች ትልልቆቹ እንዳይውጧቸው መፍራታቸውን፤ ንጉሥ እንዳይሆንባቸው የፈሩትን ሰው በድምፅ መምረጣቸውን። ባሮቹም በዚያ ሕግ ባሮች ሆነው መቅረታቸውን። ሁሉንም ለአባትሽ ብዬ በአንድ ደብተር ገለበጥሁት።

አስተማሪ ሆኜ ስመለስ አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘራ አገኘሁት። እብቁ ቅንድቡ ላይ ተጣብቋል።

«እርስዎ፣ እንዴት ከረሙ?» አልሁት፣ እንዲስቅ ብዬ። አልሳቀም። «የቀረውን ትምህርት ይዤልሃለሁ።»

«ተይው» አለኝ። «ለእኔ እዚያ ላይ አልቋል።» ላይዳውን አንሥቶ ገብሱን ወደ ነፋሱ ወረወረ።

ሽማግሌ ሲላክ እናቱ «አስተማሪት አረም ታርማለች?» ብለው ዘመድ አሳቁ። አረምሁ። ያገባሁት በወደድሁት ነው፤ ሌላ እንዳታስቢ። ግን ይቅር በለኝ ለማለት አንድም ቀን አፌ አልተከፈተልኝም። እሱም አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን አይጥ በላው።

ጃንሆይ የወረዱ ጊዜ፣ ሬዲዮው አዲስ መንግሥት ቆመ ሲል፣ አባትሽ እርፍ ይጠርብ ነበር። «እነማን ፈረሙ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። መጥረቢያውን አነሣና ሥራውን ቀጠለ።

ዛሬ ጧት ጨርቋን ላጥባት ብዬ ገለበጥኋት። ጀርባዋን አይቼው አላውቅም ነበር። በእስክሪብቶ፣ በዚያ በተንጋደደ እጅ፣ የክፍላችን ልጆች ስም በክብ ተጽፏል። የእስቴው ልጅ አለ። ያቺ ሌላዋ ሴት አለች። ጣቶቿ የተጨፈለቁት የአምስተኛ ክፍሏ ልጅም አለች። መምህሩም ሳይቀር አለ። የአባትሽን ስም ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ ከማንም ስም አይበልጥም። መቼ እንደጻፈው አላውቅም፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ከስሙ ቀጥሎ ለአንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ።

እስክሪብቶ አመጣሁ። ጨርቋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በግራ እጄ ወጠርኋት። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ስጀምር ጫፉ ጨርቁን በሳው። ሳነሣው ቀዳዳው እንደ ሸረሪት ድር ተተረተረ፤ የአባትሽንም ስም ግማሹን ይዞት ሄደ።

በመርፌ ልይዘው ሞከርሁ። ክር የሚሸከም አቅም የላትም። አጥፌ ወደ ሣጥኑ መለስኋት።

ለመወልወያም አትሆንሽም፣ ልጄ።