ገለባና ቀንድ አውጣ

ባለፈው ሳምንት ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥሁ። መስኮቱ አይዘጋም፤ የሩዝ ማሳው ጭቃ ሽታ ፊታችን ላይ ይመጣል። ሴትዮዋ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ የሰፈረ መንደር አሳየችኝና፣ «ያ የኛ ነው። ሜዳው ሁሉ በጎርፍ ሲዋጥ እኛ ደረቅ ነን። ያን ጊዜ መንግሥት አስቦ ነው ያሰፈረን» አለችኝ።

መንግሥት አስቦ! አፌን ልይዝ ሞከርሁ። ድሮም ይዤው አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ አንድ መሥሪያ ቤት የውሃ ጥናት መኮንኖች ብሎ ሰበሰበን፣ ጥቂት ወራት አሠለጠነን፣ ካኪ አለበሰን። ፎገራ ሜዳ የተመደብነው አምስት ነን፤ አራት ወንዶችና እኔ። ጠመንጃ የለንም። መሣሪያችን መለኪያ ዘንግ፣ ገመድና ደብተር ነው። ቆብና ትከሻ ላይ የሚሰፋ ሰማያዊ ጥለት ግን አለን። ሱሪዬን ታጥቄ በወረታ ገበያ ሳልፍ ሽንኩርት ሻጮቹ፣ «ጎበዙ! ሚስት አገባህ ወይስ ገና ነህ?» ይሉኛል።

«አንችን እየጠበቅሁ ነው» እላለሁ። ይስቃሉ፤ ሽንኩርቱንም ይመርቁልኛል።

ሥራችን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የቀደመው ጎርፍ የት ድረስ እንደደረሰ ፈልጎ መጻፍ ነው። ውሃ ሲሸሽ ሣርና ጭራሮ ዛፍ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ያን አይቶ ከፍታውን መለካት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዛፍ ላይ ከራሴ በላይ ገለባ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ለካሁ፣ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። የማሳው ባለቤት አያ ጥሩነህ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በትራቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«ምን አገኘሽ፣ ልጄ?»

«የጎርፍ ምልክት ነዋ!»

«ያ የላሜ ቀለብ ነው። ከብት እንዳይረግጠው እኔው ነኝ የሰቀልሁት።»

በማግስቱ ወሬው ካምፓችን ደረሰ። ስሜም ገለባ ሆነ። አለቃችን ጓድ ይርጋ ሳይቀር ምሳ ላይ፣ «ገለባ፣ እስቲ ሚጥሚጣውን አቀብይኝ» ይለኝ ጀመር።

ተናድጄ ተመልሼ ሄድሁ። «እሽ አያ፣ እውነተኛውን ያሳዩኛ!» አልኋቸው። የሽምብራ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና ራቅ ብሎ ወደቆመ ያረጀ ዋንዛ ወሰዱኝ። በግንዱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከደረቴ ትክክል፣ ጎርፉ ያመጣቸው ትናንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተሰክተዋል፤ ነጫጭ፣ እንደ ወተት ጥርስ። ከዚያ በላይ አንድም የለም። በዙሪያው ያሉትን ዛፎችም አየሁ፤ ሁሉም ላይ ምልክቱ እዚያው በደረቴ ልክ ነው። ጥቂቱን ፈልቅቄ ኪሴ ከተትሁ።

ጣጣው፣ ዋንዛው የቆመው ገበሬዎቹ ተሰብስበው ሊሰፍሩበት ለታቀደ አዲስ መንደር ችካል በተተከለበት ሜዳ መሀል ነው። ሜዳው የተመረጠው ከአስፋልቱ ስለሚታይ ነበር። ከላይ የሚመጡ ጓዶች ከመኪና ሳይወርዱ ቆርቆሮውን ማየት አለባቸው።

ጓድ ይርጋ ደብተሬን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ደረት የሚለውን ሰርዥና ቁርጭምጭሚት በይው።»

«አልልም።»

«ቅዳሜ ስብሰባ አለ። የለካ ሰው ቆሞ ያነባል፤ ደንባችንን ታውቂዋለሽ። ወይ ቁርጭምጭሚት ብለሽ ታነቢያለሽ፣ ወይ ልብሱን ትመልሻለሽ።»

ልብሱን እወደው ነበር፤ አልዋሽም። እሱን ለብሼ ቤት ስገባ አባቴ እንኳ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ምንም አይቀረው።

ቅዳሜ ገበሬዎቹ ከነሚስቶቻቸው በዋንዛው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። መንደሩን የሚያስመሠርተው ካድሬ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። ቆቤን አጥብቄ ተነሣሁ።

«ጎርፉ እዚህ ቦታ ላይ እስከ ደረቴ ደርሷል» ብዬ አነበብሁ።

ጓድ ይርጋ ብድግ አለ። «ጓዶች፣ ይቅርታ። ይች ልጅ የላም ቀለብ አይታ ጎርፍ ነው ብላ የጻፈች ናት!»

ሰዉ ሳቀ፤ ካድሬውም ሳቀ። ኪሴን ገለበጥሁና ቅርፊቶቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኋቸው።

«እንግዲህ ጓድ፣ ይህን የምትበላዋ ላም የትኛዋ ናት?»

ሳቁ ቀጥ አለ። አያ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔዋ እንኳ አትበላውም። እንስሳ ብትሆንም ውሃ ውስጥ አትተኛም።»

ከኋላ አንዲት እናት፣ «እኔም ልጆቼን አላስተኛም!» አለች። ከዚያ ማን ዝም ያሰኛቸው? ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ካድሬው ችካሉ ወደ ጉብታው እንዲዛወር አዘዘ። «ድሮም ያሰብነው ይህንኑ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

በሦስተኛው ቀን ቆቡን፣ ሱሪውን፣ ሰማያዊውን ጥለት አስረከብሁ። ቀበቶውን ግን አልሰጠሁም። «ጠፋብኝ» አልሁ፤ በቀሚሴ ውስጥ ታጥቄዋለሁ።

በዚያ ክረምት ውሃው ሜዳው ላይ እስከ ደረት መጣ ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ! አልመጣም። እስከ ጉልበት ነው አሉ። ለሕፃን ግን ጉልበትም ይበቃል።

ሚኒባሱ ወረታ ሊገባ ሲል ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ ነገርኋት።

«እርስዎ? በሱሪ?» አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ ለካችኝ።

አላመነችኝም፤ አትመነኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ ብዙም ሰርዣለሁ። ያችን አንዲት ቃል ግን አልሰረዝኋትም።

«ዋንዛው ካልተቆረጠ ሂጅና ስንጥቁን እይው» አልኋት ስንወርድ። «ከሥሩ ቁመሽ ደረትሽ ጋ ለኪ። ከዚያ በኋላ ማን እንዳሰበላችሁ ትነግሪኛለሽ።»