አንድ ቀን የዘገየው ሰሌዳ

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሩን እንዳለፉ በግራ በኩል አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው በሦስት ተከፍሏል፦ የተሠሩ፣ የተገኙ፣ የሚመጡ። በሦስቱም ሥር የሚለጠፈውን ለሃያ ሦስት ዓመት የጻፉት አንድ ሰው ናቸው፤ የሪከርድ ክፍሉ ጋሽ ዘነበ።

የተቀጠሩት ፋይል ሊጠብቁ እንጂ ማስታወቂያ ሊጽፉ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዳይሬክተር የእጅ ጽሑፋቸውን አይተው «እስቲ ይቺን ጻፍልኝ» አሏቸው፤ በዚያው ቀረ። የመረብ ኳስ ቡድኑ ክፍለ ከተማውን ሲያሸንፍ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ፣ ችግኝ ሲተከል፣ ደም ሲለገስ፣ የወላጆች ቀን ሲቃረብ ሁሉም በእሳቸው ማርከር አልፏል። ስርዝ አይወዱም። አንዲት ፊደል ከተበላሸች ወረቀቱን ቀደው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ተማሪው ወሬ ሲሰማ «ጋሽ ዘኔ ለጥፎታል?» ይላል፤ ከተለጠፈ አለቀ። ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ከከፈተ ወዲህ እንኳ፣ ቻናሉን የያዘው የኮምፒውተር መምህር ታዲዎስ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው የሚለጥፈው።

ጋሽ ዘነበ ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። የስንቱን ልጅ ስም በቀይ አድምቀው እንደጻፉ ቆጥረው አያውቁም፤ የራሳቸው ስም ግን አንድም ቀን ሰሌዳው ላይ አልወጣም። እንዲወጣም ፈልገው አያውቁም።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ ከአንድ የሳይንስ ውድድር አዘጋጆች ደብዳቤ መጣ። ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ፈትያ፣ ሱሌማንና ለሊሳ፣ የሠሩት ዕቃ በከተማ ደረጃ እንዲቀርብ ተመርጧል። ከትምህርት ቤቱ እስከዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ዕቃው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው መሙላቱን በጩኸት የሚናገር ትንሽ ሣጥን ነው። ሽቦውን የገጣጠመው ሱሌማን ነው፤ ሣጥኑን ለሊሳ ሠራው፤ ዳኛ ፊት ቆማ የምትናገረው ፈትያ ናት።

ደብዳቤው ቀኑን በፈረንጅ ነበር ያስቀመጠው፦ ኖቬምበር 23። ጋሽ ዘነበ ለኖቬምበር ካላንደር አይገልጡም። ዘጠኝ መቀነስ ነው። አሥራ አራት። «የሚመጡ» በሚለው ሥር በቀይ ጻፉት፦ ዓርብ፣ ኅዳር 14።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪው ከወጣ ወዲያ ፈትያ እየሮጠች ተመልሳ መጣች። ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ኅዳርን ያጥናል፤ ጭሱ አጥሩን ዘልሎ ግቢው ውስጥ ገብቷል። እያሳለች የሪከርድ ክፍሉን በር ያዘች።

«ጋሼ! ነገ ነው እኮ!»

«ምኑ?»

«ውድድሩ! የአክስቴ ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ተመርጣለች። አሁን ‹ነገ እንገናኝ› ብላ ጻፈችልኝ። ማለቴ፣ ሰሌዳው ዓርብ ነው የሚለው...»

«ሰሌዳው ዓርብ ካለ ዓርብ ነው። የአክስትሽ ልጅ አንድ ቀን ቀድማ ትሂድና ወንበር ትያዝልሽ።»

ፈትያ አልሳቀችም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይዩት። ኖቬምበር ሃያ ሦስት ነገ ነው የሚለው።»

«ይኼ ማታ ቻርጅ ካላደረግሽው የራሱን ስም ይረሳል፤ እሱን ነው የምታምኚው?» አሉ። አፋቸው ይህን ይበል እንጂ ጣታቸው መቁጠር ጀምሮ ነበር። ጥቅምት። መስከረም። ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ያን ቀን ምዝገባ ላይ ተቀምጠው ለጥበቃው «አንድ ቀን ያለ ደመወዝ ጨመሩብን» ብለው መቀለዳቸው ትዝ አላቸው። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን፣ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ከፈረንጁ ቀን አንድ ተጨማሪ ይቀነሳል። ይህን አጥተውት አይደለም። በየአራት ዓመቱ «ዘንድሮ አንድ ጨምር» የምትል ወረቀት ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ያስገቡ ነበር። ክረምት ላይ መስታወቱ ተሰበረ፤ ወረቀቷም ሳትጻፍ ቀረች።

«አሥራ ሦስት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሐሙስ ነው። ልክ ነሽ።»

ለሊሳ በአንድ ስልክ ተገኘ። የሱሌማን ስልክ ግን ጥገና ቤት ነው። ፋይሉን አወጡ፤ የእናቱ ቁጥር አይሠራም። አድራሻው በራሳቸው ውብ ጽሑፍ «ጎተራ ኮንዶሚኒየም» ይላል፤ ብሎክ የለውም። ሲመዘገብ ብሎኩን ያልጠየቁት እሳቸው ናቸው። ፈትያም ቤቱን አታውቀውም።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ፀሐይቱ ነገሩን ሲሰሙ በመጀመሪያ ለጠዋት መኪና ጠየቁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰሌዳው ላይ ‹አዘጋጆቹ ቀን አሸጋሽገዋል› ይበሉና ይለጥፉ፣ ጋሽ ዘነበ። ማን ይጠይቃል?»

«ሱሌማንስ?»

«እሱማ ከደረሰ ደረሰ። እኔ የማስበው ለእርስዎ ነው። በጡረታዎ ዋዜማ ሰው አፍ ውስጥ ምን ያስገባዎታል?»

ሴትዮዋ ክፉ አላሰቡም። ጋሽ ዘነበ ያንን ያውቃሉ፤ ነገሩን ከባድ ያደረገባቸውም ይኸው ነው። ማርከሩን ይዘው ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆዩ። ልጁ ጠዋት መጥቶ ይህን ሲያነብ በማያውቃቸው ሰዎች ይናደዳል፤ እሳቸውን ደግሞ «ደህና አደሩ ጋሼ» ብሎ ያልፋል። ያቺ ሰላምታ ታየቻቸው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«የሳይንስ ውድድሩ ነገ ሐሙስ፣ ኅዳር 13 ነው። ዓርብ ብዬ የጻፍኩት እኔ ተሳስቼ ነው። አዘጋጆቹ ቀን አልቀየሩም። ዘነበ፣ ሪከርድ ክፍል።»

ታዲዎስ ፎቶ ሊያነሳ መጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጋሼ፣ በቃ አብረን ነው የተሳሳትነው» አለ። «እኔ ፎቶ ማንሳት እንጂ መቁጠር ማን አስተማረኝ?»

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ፈትያንና ለሊሳን ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ። ሱሌማን ሰልፍ አርፍዶ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ። ጋሽ ዘነበ ሰሌዳው ሥር እየጠበቁት ነበር። አነበበ። «ዘነበ» የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ወደ በሩ ሮጡ። ጋሽ ዘነበ በሥራ ሰዓት ሳያስፈቅዱ ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሚኒባሱ መስቀል አደባባይ ላይ ተገትሮ ቀረ። «ፋዘር፣ ጠጋ ይበሉ፣ አንድ ሰው ያስገባል» ይላል ረዳቱ። ሱሌማን በመስኮት ያያል እንጂ አይናገርም። ቢቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። ለገሃር ወርደው እስከ አዳራሹ በእግር ሮጡ፤ ሦስት ሰዓት አልፏል። ጥበቃው ልጁን በመታወቂያ አስገባ።

«እርስዎስ?»

«እኔ... የለሁበትም» አሉና ከአጥሩ ሥር ቆሙ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱም ወጡ። ጋሽ ዘነበ ገና ከልጆቹ ፊት አወቁ። ዳኞቹ ወደ ጠረጴዛቸው የመጡት ሱሌማን ከመግባቱ በፊት ነው።

ፈትያ አልማረቻቸውም። «ሁሉንም መለስኩ። ‹ውሃው ውስጥ ሽቦ አድርጋችሁ የመጻፊያ እርሳስ ቅንጣቢ ለምን ጨመራችሁ?› ሲሉ ግን ዝም አልኩ። እሱን የሚያውቀው ሱሌማን ነው። ሲመለሱ ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሱም። አላለፍንም።»

«በሚቀጥለው ዓመትስ?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል አይወዳደርም» አለ ሱሌማን። ከጠዋቱ ወዲህ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ዘነበ ጥፋታቸውን ትናንትና ጽፈዋል፤ አሁን ይቅርታ ቢሉ የልጁን ጠዋት አይመልስለትም። ዓይናቸው ሱሌማን ያቀፈው ሣጥን ላይ አረፈ። ስለዚህ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፈዋል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቁም፤ ጠይቀውም አያውቁም። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እርሳሱ ለምንድን ነው?»

ሱሌማን የሚያሾፉበት መስሎት አያቸው። አለመሆኑን ሲረዳ ጉልበቱን አጥፎ አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ ክዳኑንም ከፈተ።

«ሽቦ ብቻ ከሆነ ውሃው ውስጥ ይበላል፣ ጋሼ። በሁለት ሳምንት አለቀለት። የእርሳሱ ጥቁሩ ግን ኮረንቲ ያሳልፋል፤ አይዝግም ደግሞ። ይኼው፣ ከዚህ ሲነካ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ መነጽራቸውን እያወጡ። «ከየት ጀምሮ ነው የሚያልፈው? ቀስ ብለህ ንገረኝ።»