ጋቢ ያልለበሰው እንግዳ

ድርቤ ነቀምቴ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤቷ እንግዳው ከገባባት ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አስጠልቷታል። ኮቱ የአዲስ አበባ ነው፤ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል ያብረቀርቃል። ሻይ ያዝዝና ሳይጠጣው ያቀዘቅዘዋል። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት ይላል፤ ጭሰኞች ተባብረው አቤት ሲሉ መንግሥት ሕጉን ያሻሽል እንደሆነ ሊያጠና ነው አሉ።

«እትዬ፣ በባለርስቱ ላይ ሰዉን ለአቤቱታ ያስተባበረው ማን ይሆን?» አላት ዛሬም በለሰለሰ ድምፅ።

«ምነው ኦቦ፣ ልትድረው ነው?» አለችው፤ ጠጪዎቹ ሳቁ።

ያስተባበረው የገዛ ወንድሟ ፉፋ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። ስሙ ከወጣ ከሚያርሰው መሬት መነቀሉ ነው።

ይህን ጊዜ ባለርስቱ በበቅሎ በደጅ አለፈ። ከሁሉ ቀድሞ ብድግ ያለው እንግዳው ነበር። አንገቱን ደፋ፤ እጁም ሳያስበው ጋቢ አውርዶ ሊያደገድግ ወደ ትከሻው ሄደና ባዶ ኮቱን ጨመደደ። የሚያወርደው ጋቢ የለ! አፍሮ ቁጭ አለ።

ድርቤ ገባት። የጭሰኛ ልጅ ነው፤ ያን አነሳስ ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም።

«እኔም እኮ የእናንተው ነኝ» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሮምኛ።

«አየሁህ እኮ፣ ወንድሜ» አለች ብርጭቆውን ከፊቱ እያነሳች። «ሲያልፍ ብቻ እንዲህ ካስነሳህ፣ ጠርቶ የጠየቀህ ቀን የማንን ስም ልትሰጠው ነው?»