የአባባ የቁም ተዝካር

አባባ ሞቱ ብሎ ያረዳን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። አባባ የምላቸው የእናቴን አባት ነው። እኛ ኮልፌ እንኖር ነበር። እሳቸው ደግሞ ወደ ቀራንዮ ወጣ ብሎ፣ ያኔ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት፣ ገበሬ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩ ጭሰኛ ነበሩና፣ ደርግ መሬት ላራሹ ሲል በመንደሩ ከሁሉ በፊት የጨፈሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። ስለዚህ ሶማሊያ ወረረን ተብሎ ሚሊሺያ ሲመለመል ማንም አላስገደዳቸውም። “መሬት የሰጠኝ መንግሥት ሲጠራኝ እንዴት እቀራለሁ?” አሉና ሁለቱን በሬዎቻቸውን ለሚስታቸው፣ ለእማማ፣ አደራ ሰጥተው ሄዱ።

ሊቀመንበሩ በስብሰባ ፊት የዘማች መሬት በማኅበሩ ጉልበት ይታረሳል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ማን ይሙት፣ አንድ ቀን እንኳ አላረሱላቸውም። ገና ጢም ያላበቀለው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ነው ብቻውን ከሞፈሩ ጋር ሲታገል የከረመው።

ከዚያ ከግንባር የተመለሰ አንድ ሰው ሲወድቁ አየሁ አለ። ሊቀመንበሩ ማጣራት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሽማግሌ አስከትሎ ጎሕ ሳይቀድ እማማ በር ላይ ቆመ። እኔና እናቴ ከኮልፌ እየጮኽን ደረስን። እማማም መቃብር እንኳ ላላገኘ ሰው ተዝካሩ አይቅርበት ብለው በአርባው ከሁለቱ በሬዎች አንዱን አሳረዱ። ሊቀመንበሩ ከቀሳውስቱ ቀጥሎ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ። ጥርሱን እየጎረጎረ “ጀግና ነበር” ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በሳምንቱ የአባባን መሬት ለራሱ ሚስት ወንድም ሰጠው። አራሽ የሌለው መሬት ጦሙን አያድርም አለን፤ አጎቴ እዚያው ፊቱ ቆሞ።

አባባ ግን አልሞቱም ነበር። ጥይት ታፋቸውን በስቷቸው ወራት ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው ኖሯል። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች ከሚባለው ሰፈር ከመኪና ወርደው፣ በከዘራ እያነከሱ ከች አሉ። ጎረቤቱ እያማተበ ሸሸ። እማማ ጥቁር እንደለበሱ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። አባባ ሁላችንንም ከሳሙ በኋላ ወደ በረቱ አይተው፣ “ሌላውስ በሬ?” አሉ። ሁላችንም አቀረቀርን።

“ለነፍስዎ ብለን አረድነው” አሉ እማማ።

አባባም፣ “መቼም ሳልቀምሰው ቀረሁ” አሉ። ያን ቀን ሳቅን። የመሬቱን ነገር ገና አልነገርናቸውም ነበር።

ሲሰሙ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሰውዬው ከወንበሩ አልተነሣም። “ጓድ፣ የከፈሉት መሥዋዕትነት የሚደነቅ ነው። መሬቱ ግን የሕዝብ ነው። በሚቀጥለው ድልድል ይታይልዎታል” አላቸው። የምን ድልድል! ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያ ድልድል አልመጣም። አባባም የቀረውን አንዱን በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ያንኑ መሬት ለሊቀመንበሩ አማች የእኩል ማረስ ጀመሩ። ጭሰኝነት ቀረ ተብሎ በየሰልፉ በሚዘፈንበት አገር፣ ለዚያ መሬት ደማቸውን ያፈሰሱ ሰው ምርቱን ለሁለት እየከፈሉ ግማሹን ለሌላ ያስረክቡ ነበር። ዛሬም ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ሰው ሲያጣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ። የቀድሞ ሚሊሺያ፣ አነከሰም አላነከሰም፣ ልምዱ ይፈለጋል ብሎ የአባባን ስም ጠራ። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ተዝካሬን በልተህ የለም እንዴ? ሞቷል ብለህም መሬቴን ሰጥተሃል። የሞተ ሰው አይዘምትም። ከፈለግኸኝ መጀመሪያ መሬቴን መልስልኝ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አብሮ ፈገግ አለ። በዚያው ሳምንት ታጣቂዎች አጎቴን ከማሳ ላይ ይዘውት ሄዱ። አባባ እያነከሱ ሰውዬው ቤት ሄደው፣ “ተሳስቻለሁ፣ እኔ እዘምታለሁ፣ ልጁን መልሱልኝ” ብለው እግሩ ላይ ወደቁ። እግሩን ሰብሰብ አድርጎ፣ “እርስዎማ ሞተዋል” አላቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው አባባ ናቸው።

ዓመት ሳይሞላ ያው ሊቀመንበር እንደ ፊተኛው ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። እናቴ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት እማማ በመዳፋቸው ከደኑት። “አባቱንም ሞቷል ብላችሁን ነበር” አሉና በሩን ዘጉባቸው። ጥቁር አልለበሱም። ሊያጽናና የመጣውን ሁሉ ከደጅ መለሱት። እኔ መሬቱንም በሬውንም ለዚያ ሰውዬ እተውለት ይሆናል፤ ይህን ግን አልተውለትም። ውሸቱን አንዴ ስለነገረን እውነቱን እንኳ ማመን አቃተን።

አባባ ካረፉ በኋላ፣ ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ እማማ ጦር ኃይሎች እየሄዱ ከየመኪናው የሚወርደውን ሰው ፊት ያዩ ነበር። ለልጃቸው አንድ ቀን ሳያለቅሱለት ሞቱ።